ቦራ ቤታችን የገባ ዕለት

ባለፈው ክረምት ዳንግላ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ዝናብ መጣና አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተጠለልኩ። ደጅ የቆመ የጋሪ ፈረስ ባለቤቱ ዘወር ሲልለት ጋሪውን እየጎተተ መጣና አንገቱን በሱቁ በር አስገባ። ጭንቅላቱ ከሳሙናውና ከብስኩቱ መደርደሪያ እኩል ሆነ። ባለሱቋ "አንተ ደግሞ ምን ልትገዛ ነው?" ብላ በመጥረጊያ አባረረችው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ነበር፤ ለትልቅ ሰው እንደሚነሱት። አጠገቤ ያለች ልጅ "እማማ፣ ፈሩ እንዴ?" አለችኝ። አልፈራሁም ነበር። ነገሩ ረጅም ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። የምንኖረው ከቆሰበር ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ትምህርቱ ይበቃሻል ተብዬ ከእናቴ ጋር ቤት ቀርቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ይሁኔ ብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ደብዳቤው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ቀርቷል። ዓይን አፋር ነበርኩ ብል ያንሳል። እንግዳ ሲመጣ ከጎታው ጀርባ እገባለሁ፤ ሰላም በይ ስባል እጄን ብቻ አወጣለሁ። እናቴ "እኔ እጅ ነው እንዴ የወለድኩት?" ትለኝ ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን ጧት ጎረቤታችን አያ አላምረው በፈረሳቸው በቦራ ሆነው በደጃችን አለፉ። በጉልበታቸው ዘመን ያገር ፈረሰኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቦራ የተባለው ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ነው። እናቴን "ቆሰበር እወርዳለሁ፤ ስለ ልጅሽ የውትድርናው ቢሮ ገብቼ ጠይቄልሽ እመጣለሁ" አሏት። እናቴ እስኪርቁ ድረስ ቆማ አየቻቸው።

ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እሳት ዳር ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየበላን ነበር። ድንገት ቤቱ ጨለመ። ቀና ስል በሩ በፈረስ ሞልቷል። ቦራ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ኮርቻው መቃኑን እየፋቀው ገባ፤ የቀርከሃው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ይሁኔ ይተኛበት ከነበረው መደብ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ከጀርባው እንፋሎት ይነሳል፤ ከሆዱ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ሲተነፍስ እሳቱ ይወዛወዛል። ፈረስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ትልቅ መሆኑን ግን ከጣሪያ በታች ሳየው ነው የገባኝ። ሰው የለበትም። ኮርቻው ላይ የአያ አላምረው ጋቢ ተደርጓል።

እናቴ የያዘችውን ድንች ጣለችው።

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሰው ሲሞት ፈረስ ተጭኖ፣ ጋቢ ኮርቻው ላይ ተዘርግቶ፣ ያለ ሰው እየተሳበ ለቅሶ ይወጣል። ይሁኔ ደግሞ ፈረሰኛ ነበር። ቦራ የአያ አላምረው ይሁን እንጂ ከውርንጭላነቱ ያሳደገው፣ ጥር ሲመጣ ጉግስ የሚያስጋልበው እሱ ነው። ውርንጭላ ሳለ ብርድ እንዳይመታው ብሎ ማታ ማታ እዚያው መደቡ ስር ያስረው ነበር።

"አያ አላምረው ፊቴን ማየት ከበዳቸው" አለች እናቴ በቀስታ። "ፈረሱን አስቀደሙ።" ከዚያ በአዊኛ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ሲብስባት ብቻ ነበር በአዊኛ የምታለቅሰው።

ጎረቤት ዝናቡን ጥሶ መጣ። ጋቢ የለበሰ ኮርቻ ያየ ሁሉ ሌላ አልጠየቀም። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ማልቀስ ጀመሩ፤ ወንዶቹ ደጅ ቆመው "አላምረው ከኋላ እየመጣ ይሆናል፤ ይድረስና ከአፉ እንስማ" ይላሉ።

እኔ እንደ ልማዴ ከጎታው ጀርባ ነበርኩ። ከዚያ ሆኜ የማየው የፈረሱን እግርና ጎን ብቻ ነው። ጉልበቱ ድረስ ቀይ ጭቃ አለበት። የልጓሙ ዛብ ተበጥሶ መሬት ለመሬት ተጎትቷል። ጋቢውም ለቅሶ እንደሚወጣ ጋቢ በሁለት ጎን አልተንዘረፈፈም፤ ዝናብ ኮርቻውን እንዳያርሰው ተብሎ በአራት ታጥፎ ጫፉ ከስር ተወትፏል። እንዲህ የሚያደርግ ከፈረሱ የወረደ ሰው ነው። አያ አላምረው በክረምት ከፈረሳቸው የሚወርዱት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ፣ ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ሲሻገሩ ነው። በልቅሶው መሐል የወንዙ ድምፅ እዚያው ድረስ ይሰማኛል። በየደቂቃው እየሞላ ነው።

እትዬ ብርቄ ወደምትባል ጎረቤታችን ጠጋ ብዬ በጆሮዋ "እትዬ፣ አያ አላምረው ወንዝ ውስጥ ወድቀው እንዳይሆን" አልኳት።

"ዝም በይ ልጄ፣ ወንድምሽ ነው የሞተው። እናትሽን ደግፊ።"

ወደ ወንዶቹ ወጣሁ። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ መልሼ ዘጋሁት። ሰው እየሞተ ነው፤ እኔ ደግሞ አፍሬያለሁ።

ተመልሼ ገባሁና የተበጠሰውን ዛብ ያዝኩ። ልሳበው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ይህን ሲጠብቅ እንደቆየ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ጉልቻ ሳይነካ፣ ጋን ሳያንኳኳ፣ የተቀመጠ ሰው ቀሚስ ሳይረግጥ ዞረ። ሰው መንገድ ለቀቀልን። "እህቱ ፈረሱን ይዛ ወጣች" ሲሉ ሰማሁ። ለቅሶ ማውጣቴ መስሏቸው ሙሉ መንደሩ እያለቀሰ ተከተለኝ።

ቁልቁለቱን ወረድን። በአረንጓዴው የገብስ ማሳ መሐል ጭቃው ጫማዬን ነጠቀኝ። ቦራ ይራመዳል፤ እኔ እጎተታለሁ። ዘወር ስል እናቴ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት በሕይወት ያለ ይሁን የሞተ የማላውቀውን ወንድሜን እያነሳች ታለቅሳለች። ወንዙ ዳር ሰው ባይኖርስ እያልኩ አስባለሁ። ወንድሜ ሞቶ ቢሆን፣ እኔም መንደሩን በከንቱ ወንዝ ያወረድኩ ብሆን፣ ከዚያ በኋላ ከየትኛው ጎታ ጀርባ እደበቃለሁ?

ቦራ አፋፉ ላይ ሲደርስ ቆመና ጆሮውን ወደ ታች አቅንቶ አሽካካ። ልቅሶው ቀጥ አለ።

አያ አላምረው ከታች ናቸው። እግራቸው ድንጋይ መሐል ተሰንቅሯል፤ ውኃው ደረታቸው ደርሷል፤ በሁለት እጃቸው የዋንዛ ሥር ይዘዋል። ልቅሶው ከሩቅ ሲመጣ ሲያዳምጡ ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩንና "ገና ነኝ እኮ" አሉ። "ምን አጣደፋችሁ?"

ሴቶቹ ለሐዘን ያጠበቁትን መቀነት ፈትተው እርስ በርሱ ቋጠሩት፤ ወንዶቹ እሱን ይዘው ወረዱ። አያ አላምረው ጭቃው ላይ ገና ሳይጋደሙ እናቴ አጠገባቸው ደረሰች።

"አያ አላምረው፣ ልጄስ?"

"ምንም አልሰማሁም። ስብሰባ ነው ብለው ቢሮውን ዘግተውታል።"

"ምንም?"

"ምንም።"

እናቴ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። ምንም የሚለው ቃል ሰውን እንደዚያ ሲያስደስት ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

አያ አላምረው ዳኑ፤ እያነከሱም ብዙ ዓመት ኖሩ። ሰው ባገኙ ቁጥር "ለቅሶዬን ሰምቼ የተመለስኩ ነኝ" ይሉ ነበር። የእሳቸው ቤት ከእኛ ይልቅ ለወንዙ ይቀርባል። ቦራ ያንን አልፎ ነው የመጣው። ችግር ሲገጥመው የሚያውቀው ሰው ይሁኔ ብቻ ስለነበር፣ እሱን ፍለጋ መደቡ ድረስ ሄደ። እናቴ እስክትሞት ድረስ "መርዶ ነው ማለቴ ስህተት ነበር፤ ለልጄ መምጣቱን ግን አልተሳሳትኩም" ትል ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ይሁኔ በእግሩ መጣ። ቦራ ዓመት ቀድሞ ሞቷል። ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት። አቀርቅሮ ሰማኝና የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ያን ቀን ቦራን ምን አበላሽው?"

"ገብስ" አልኩት። "ሁለት እፍኝ።"

ደስ አለው። ዛሬ ጫግኒ ነው የሚኖረው፤ አርጅቷል። ሲደውል ነገሩ ከተነሳ ለልጅ ልጆቹ "እህቴ ገብስ ሰጥታዋለች" ሲል በስልኩ ይሰማኛል።

አልሰጠሁትም። የዚያን ቀን መንደሩ ሁሉ አያ አላምረው ቤት ገብቶ እሳት ዳር ሲስቅ፣ ቦራ ኮርቻውን እንደተሸከመ ዝናብ ላይ ቆሞ አመሸ። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ረሳሁት። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በአካልም በስልክም ልነግረው ሞክሬ አቅቶኛል። አሁን ጽፌዋለሁ፤ ልጆቹ ያነቡለታል።