ሞት በሁለት ዓይን

ጀርሚስተን ከተማ፣ በስደት ከከፈትኳት የሰፈር ትንሽ ሱቅ፣ ከስፓዛዬ ደጃፍ ላይ ፖሊሶች ሲይዙኝ የጥገኝነት ፔፐሬ ጊዜው ካለፈ አራት ቀኑ ነበር። ለማሳደስ ሦስቴ ተመላልሼ ሦስቴ «ነገ ና» ተብያለሁ፤ ግን ይህን ለማን ትነግረዋለህ? ሀገር ቤት በፖለቲካ ሁለት ዓመት ታስሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከመለሱኝ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

ያስገቡኝ የስደተኞች ማቆያ ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስና ሽንት ይሸታል። ጥግ ካለው አልጋ ላይ አንድ ሽበታም የጎንደር ሰው ተቀምጠዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ እንደኔው በፖለቲካ የተሰደዱ። በተቃጠለ የክብሪት እንጨት ግድግዳው ላይ አጽም ይስላሉ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሞት ነው ልጄ። በህዳሴ ዘመን ፈረንጆቹ እንዲህ ይስሉት ነበር። ንጉሡንም፣ ጳጳሱንም፣ ነጋዴውንም እጁን ይዞ ይወስዳል። ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ።»

አጽሙ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ያያል። እኛ ዘንድ ሠዓሊ ክፉውን በአንድ ዓይን፣ ጻድቁን በሁለት ዓይን ነው የሚስለው፤ እጃቸው በልማድ ሄዶባቸዋል። ትንሽ አዩትና በእጅጌያቸው አጠፉት።

«ተሳስቻለሁ። እሱ ምን አደረገ? የተላከ ነው። ክፉዎቹ ሌሎች ናቸው።»

ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን አድርገው እንደገና ሳሉት። ሞት እጁን ይዞ የሚወስደውን ሰው መሳል ሲጀምሩ በሩ ተከፈተና ዘበኛው የእሳቸውን ስም ጠራ።

«ጃኬትህን ያዝ። ዛሬ ወደ ሀገርህ ትበራለህ።»

ተነሣሁ። «ይግባኝ ብለዋል እኮ! መልሱ ገና አልመጣም» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«ቁጭ በል!»

ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የእኔን ስም ባለመጥራቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዘበኛው ክንዳቸውን ያዘ። እሳቸው ቀስ ብለው አስለቀቁትና ጥላሸቱን ከጣቶቻቸው ጠረጉ፤ የጫማቸውን ክር አሰሩ።

«አትያዘኝ» አሉት በአማርኛ። «እግር አለኝ፤ ራሴ እሄዳለሁ።»

ዘበኛው አማርኛ አያውቅም፤ ግን ከኋላ ሆኖ ተከተላቸው።

እኔን ከሳምንታት በኋላ ጠበቃ አስፈታኝ። አሁን እዚያው ሀገር፣ ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ነኝ። ከጎንደር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እሳቸው እጠይቃለሁ፤ አየሁ የሚል የለም። በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስማቸውን ሳስጽፍ ቄሱ «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» ይሉኛል።

«ከሕያዋን» እላለሁ። ዘንድሮ ግን ድምፄ ዝቅ ብሎ ቄሱ አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ደግመው ጠየቁኝ።