በወንፊቱ ያለፈ ኖራ

ሽማግሌው የኖራ ባለሙያ በየቀኑ ጠዋት፣ ማንም አካፋ ሳያነሳ፣ ከኖራው ጉድጓድ ትንሽ ቆንጠር ያደርጉና ጆሯቸው ሥር በሁለት ጣታቸው ያሹታል። እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ሥራው ይጀመራል። ከቆረቆራቸው ግን ውሃ ያልጠጣ ፍሬ አለበት ማለት ነው። ግንበኞቹ በዚህ የተነሳ «ጋሼ ላቦራቶሪ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።

«ጋሼ ላቦራቶሪ፣ ውጤት ደረሰ?»

«ደርሷል። ያልበሰልከው አንተ ነህ።»

ሥራው ችኮላ አይወድም። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይንተከተካል፤ ሊጡ በወንፊት ይጠልልና ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይተኛል። ከዚያ ነው በአሸዋ ተለውሶ ግድግዳ የሚለሰንበት።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ጣታቸውን ቆረቆራቸው። ወንፊቱን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት። ጠርዙ ላይ ባቄላ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ባለፈው ክረምት በሽቦ የሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ክፍተቱን አላየውም ነበር።

የትናንቱ ቁንጥር ለስላሳ ስለነበር፣ ግንበኞቹ የሚሠሩት የንባብ አዳራሽ አንድ ግድግዳ በዚሁ ኖራ ተለስኗል። ልስኑ የእንቁላል ቅርፊት ይመስላል። ያ ፍሬ ግን ከሳምንታት በኋላ እርጥበት ስቦ ያብጥና ልስኑን እንደ ብጉር ያፈነዳዋል። የአዳራሹ ርክክብ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ዝም ቢሉ ጥፋቱ በአሸዋው ይላከካል። ቢናገሩ ፎርማኑ አለ፤ የልጃቸው ባል ነው፤ «ዓይንዎ ደክሟል፣ ቤት ይረፉ» ማለት ከጀመረ ዓመት ሆኖታል።

ወንፊቱን ይዘው ሄዱ።

«እየው።»

ፎርማኑ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ። «ማነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«አባባ! ዛሬ ይሄን ይነግሩኛል?»

«ትናንትማ አላወቅኩም።»

ፎርማኑ ግድግዳውን ብዙ አየው። «እርስዎ ባይነግሩኝ ሌላ ሰው ያየው ነበር?»

«ከፈነዳ በኋላ፣ ሁሉም።»

ሳይወድ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ «ወንፊቱን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይሰፋዋል። የኖራው ጉድጓድ ግን እንደ ድሮው የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌውን ትንሽ ከነከናቸው፤ ግን ወንፊቱን አስረከቡት።

ከምሳ በፊት የግድግዳው ግማሽ ተፋቀ። ርክክቡ በሁለት ሳምንት ተራዘመ።