የአምባላዩ ልጅ

ነጭ ፈረስ ነጭ ሆኖ ይወለዳል የሚባለው ስህተት ነው። ሲወለዱ ነጭ የሆኑ ጥቂቶች አሉ። ቡታጅራ ውስጥ ሙሽራ የሚቀመጥባቸው ግን ጥቁር ወይም ዳማ ሆነው ተወልደው፣ እንደ እኛ ከዓመት ዓመት የሚሸብቱ ናቸው። እኛን ግን ሽበት አይገድለንም።

ታላቅ ወንድሜ እዚያው ጋሪ ይነዳል። ባጃጅ አስፋልቱን ከወሰደበት ወዲህ የሚያበላው አምባላዩ፣ ነጩ ፈረሱ ነው፤ ሠርገኞች ለፎቶ ይከራዩታል። "ፋዘር፣ ነጭ ካልሆነ ይቅር! ዳማ ፎቶ ላይ አይወጣም" ይሉታል ሚዜዎቹ። እሱም ነጩን በቀይ ጨርቅ አስጊጦ ያመጣላቸዋል። ጨርቁ ወገቡን አልፎ ጭራው ድረስ የሚወርደው ለጌጥ አይደለም። ከጭራው ሥር ሎሚ የሚያህሉ ጥቁር እባጮች ተደርድረዋል።

እኔ ከምኖርበት ከወልቂጤ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ይዤለት ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይሄ ሸብተው የሚነጡ ፈረሶች ዕጢ ነው" አለችው። "ሽበቱንም ዕጢውንም የሚያመጣው አንድ ውርስ ነው።" ወንድሜ ስለ አምባላዩ ምንም አልጠየቃትም። በረቱ ውስጥ ወደቆመች፣ ገና ዓመት ያልሞላት ጥቁር ውርንጭላ እያየ፣ "ልጁ ናት። እሷስ?" አለ። አባቷ ሲወድቅ ጋሪውን የምትስበው እሷ ናት፤ ሌላ ፈረስ የለውም።

ወርሳም ሊሆን ይችላል፣ ላትወርስም ትችላለች አለች ሐኪሟ። ውጭ አገር በፀጉር የሚመረምሩ አሉ፤ ለሌላ ሥራ ናሙና ስትልክ የእኛንም አብራ ልትልክልን ተስማማች። መመሪያውን የሰጠችው ለእኔ ነው፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። ሰው አያነብም እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰውዬ፣ የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ለወንድሜ ደወልኩ፤ "ከጋማዋ ፀጉር ላክ።"

ላከ። በመቀስ ቆርጦ፣ በሳሙና አጥቦ፣ ጎንጉኖ፣ ጫፉን በክር አስሮ። በአባታችን ቤት የቆመ ፈረስ ፀጉር አይነቀልም። የሚነቀለው ሲሞት ነው፣ የዝንብ መከላከያ ጭራ ሊሠራበት። ሳምንታት ጠብቀን መልሱ መጣ፦ ሥር የሌለው ፀጉር አይመረመርም፤ ነቅላችሁ ላኩ። መመሪያው ላይ ሁለተኛው መስመር ይኸው ነበር።

በአገና በኩል አድርጌ ቡታጅራ ሄድኩ።

"አልነቅልም" አለ። "በቁሟ ልቅበራት?"

"ወንድም ጋሼ፣ ፀጉር እኮ ነው።"

"አንተ መላጣ፣ ስለ ፀጉር ምን ታውቃለህ!"

ሚስቱ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከምሳ በኋላ ግን ራሱ በረት ገባ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጋማዋን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ነቀለ። ውርንጭላዋን ወደ ብርሃኑ ሳወጣት በዓይኖቿ ዙሪያ ነጭ ፀጉር መብቀል ጀምሯል። የሽበቱ የመጀመሪያ ምልክት እዚያ እንደሚታይ ሐኪሟ ነግራኝ ነበር። መልሼ ወደ በረቱ አስገባኋት። ወንድሜም ፀጉሩን ወረቀት ውስጥ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረ።

ውጤቱ መጣ። ከአባቷ ወርሳለች፤ ትሸብታለች። ከሸበቱት ደግሞ አብዛኞቹን ሲያረጁ ዕጢው ይይዛቸዋል። መድኃኒቱስ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። እዚህ የለም አለችኝ።

"እና ምን ላድርግ?" አለኝ ወንድሜ በስልክ።

"ማወቁ በራሱ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ባላውቅ ገበያ አወጣት ነበር። የሚገዛትም ሳያውቅ ይገዛት ነበር። አሁን የሰው ዓይን እያየሁ ለማን ልሽጣት?"

ዕውቀት ነፃ ያወጣል ብዬ የጻፍኩት አንድ ጽሑፍ ነበረኝ። የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ አልፈለግሁትምም።

አምባላዩ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽራ ይሸከማል። የውርንጭላዋም ግንባር እየነጣ ነው። ጎረቤቱ "እንደ አባቷ ልታምር ነው፣ ታድለሃል!" ይለዋል። ወንድሜም "አሜን" ይላል።

አንተ በቅርቡ የምታገባው፣ ፈረሱ ላይ ከመውጣትህ በፊት ቀዩን ጨርቅ ግለጥና ጭራውን አንሳ። ካየህ በኋላ ለወንድሜ ኪራዩን ክፈለውና በእግርህ ሂድ።