የእባቡ ሚስቶች

ረቡዕ ንጋት፣ አምስተርዳም ኖርድ

ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። ወደ ማዶ የሚያሻግረው ጀልባ ላይ ብስክሌታቸውን የያዙ ሠራተኞች ተጨናንቀው ቆመዋል። ውሃው ጥቁር ነው፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ቦርሳዬ ውስጥ ወደ ዘ ሄግ የሚጠራኝ ደብዳቤ አለ።

ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። የጥገኝነት ጉዳያችን በእሱ ስም ነበር፤ አሁን በራሴ ቀርቤ እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። ታደሰ መምህር ነበርኩ ብሎ አስመዝግቧል። የቀበሌ ጸሐፊ እንደነበረ፣ ለአሰሳ የሚፈለጉትን፣ ተወስደው የማይመለሱትን ሰዎች ስም ይጽፍ እንደነበረ አልተናገረም። ውሸቱን ብደግመው አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ነው፣ ሊያውቅብኝ ይችላል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ይመልሱኛል ብዬ እፈራለሁ።

ረፋድ፣ ዘ ሄግ

ጣቢያው ላይ ሻንቲ ተቀበለችኝ። ሱሪናም የተወለደች ሕንዳዊት ናት፤ አምስተርዳም ሆስፒታል ስናጸዳ ነው የተዋወቅነው። በተሰባበረ ደችኛዬ እናወራለን። ሰፈሯ ውስጥ ቃሪያና ማንጎ የደረደሩ፣ ሳሪ የሰቀሉ ሱቆች ሞልተዋል። ቤቷ እንደገባን ድንችና ሽምብራ በቂጣ አቀረበች።

"ሥጋ የለበትም፣ ብዪ። ጾምሽን አውቃለሁ።"

ቂጣውን ቆርሼ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ፊት ለፊቴ አያቷ ከሕንድ በመርከብ ያመጡት፣ በእጅ የተሳለ ሥዕል ተሰቅሏል። ሰማያዊ ልጅ ብዙ ራስ ባለው ጥቁር እባብ ላይ ይጨፍራል። ዙሪያውን ከወገባቸው በታች እባብ የሆኑ ሴቶች መዳፋቸውን ገጥመው ወደ ልጁ ያያሉ። መጀመሪያ የጊዮርጊስ ሥዕል መስሎኝ ነበር። ግን በእኛ ሥዕል ዘንዶው ሚስት የለውም።

"እነማን ናቸው?"

"ሚስቶቹ። እባቡ ወንዙን መርዞ ሰውንም ከብቱንም ፈጀ። ልጁ አምላካችን ክሪሽና ነው፣ ሊገድለው ነው።"

"አላደረገም ብለው ነው የሚለምኑት?"

"ማድረጉንማ አገር ያውቃል። አጥፍቷል፣ ቅጣቱም ይገባዋል፤ ግን ባላችን ነው፣ ተውልን ነው የሚሉት።"

"ተወላቸው?"

"ወደ ባሕር ሰደደው።" ሳቀች። "እኔ ብሆን የኔን ባል አስጨርሰው ነበር።"

ልስቅላት ሞከርኩ። 

ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮው

ጠባብ ክፍል ነው። ጠያቂዋ ወጣት ናት። አስተርጓሚው ሽበታቸው የበዛ ሰው ናቸው። "ይቀመጡ እመቤቴ" ሲሉኝ፣ አማርኛቸውን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ።

የባልዎ ሥራ ምን ነበር ተባልኩ።

"የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። የሚፈለጉትን ሰዎች ስም ይጽፍ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ባሌ ነው፣ አብሬው ሸሸሁ።"

የአስተርጓሚው ብዕር ቆመ።

"እንዳሉት ልተርጉመው?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እንዳልኩት።"

ተረጎሙት። ጠያቂዋ ብዙ ጻፈች። መልሱ በፖስታ ይመጣል ተባልኩ።

አመሻሽ፣ ባቡር

አስተርጓሚው መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። ላይደን ጣቢያን ስናልፍ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"የትኛው ቀበሌ ነበር?" አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የእኛ ሰፈር አይደለም።"

"ተመስገን" ብዬ ተነፈስኩ። ወዲያው አፈርኩ። የሌላ ሰው ሰፈር ነው። አምስተርዳም እስክንገባ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።