የጎመኑ ናሙና

ጎመን አገሩ የት እንደሆነ ተጠይቆ ያውቃል? እኛ ትምህርት ቤት ተጠይቋል። ጠያቂዎቹ ሦስት ነን፤ ሰብሳቢው ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ የንብረት ክፍሏ ኃላፊና እኔ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የተማሪዎች ምገባ ግዢ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ከስብሰባ ቀርቼ ነው። የቀረ ሰው እንደሚመረጥ እያወቅሁ መቅረቴ የራሴ ጥፋት ነው።

ደንቡ ሲመጣ ግን ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ለልጆቹ ምሳ የሚገዛው እህልና አትክልት በአገር ውስጥ የተመረተ ይሁን፣ ከተቻለም በአካባቢው ካሉ አምራቾች ይገዛ ይላል። እሰይ አልኩ። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንድ ሴት ጥቅል ጎመንና ካሮት ያለማሉ። ከስታፍ መስኮት ቆመን ውሃ ሲያጠጡ እናያቸዋለን። ለእኛ አትክልት የሚያመጣው ነጋዴ ግን ከሩቅ ጭኖ፣ ግማሹን አጠውልጎ ነበር የሚያራግፍልን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

በዚያው ሳምንት ዳገቱን ወጣሁ።

“እማማ፣ ለልጆቹ ምሳ የእርስዎን ጎመን ልንገዛ አስበናል” አልኳቸው።

“ሽሮ ሜዳ የሚረከቡኝ ሴቶች አሉ። እነሱን ትቼ ለእናንተ ብተክል፣ በኋላ ታነሱልኛላችሁ?”

“እኔ አለሁ አይደል? ምን አስጨነቅዎት!”

ማለት ቀላል ነው። እሳቸው ካሮቱን አንስተው ጓሮውን በሙሉ ጥቅል ጎመን አደረጉት። ለሽሮ ሜዳዎቹም ዘንድሮ ሌላ ሰው ፈልጉ ብለው ላኩባቸው። የዚያ ወቅት ኑሯቸው በሙሉ በእኔ አንድ ቃል ላይ ወደቀ።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ መጣ። ምርቱ የአገር ውስጥ ለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ ተብሏል። ሰብሳቢያችን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ጎመኑ ከኋላው አረንጓዴ ሆኖ እየታየ፣ “ማስረጃ የለም” አለ።

“ዞር ብለህ እየው እንጂ!” አልኩት።

“ያየሁትን ፋይል ውስጥ አላስገባው” አለኝ።

የፓስታው ነጋዴ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ስለመጣ በአንድ ቀን አለፈ። ፋብሪካው እዚሁ ነው፤ ስንዴው ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ግን ራሱም አልደበቀንም። እማማ ለአንዲት ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ተመላለሱ። አንዱ ቢሮ ከተማ ውስጥ ገበሬ አናውቅም አላቸው። ሌላው ፎቶ ያምጡ አላቸው፤ የእሳቸውን ይሁን የጎመኑን ግን አልነገራቸውም። ሁለቱንም ይዘው ሄደው ደብዳቤዋን በመጨረሻ አገኙ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱን በሌላ ማላከክ እችላለሁ። የቀጠለው ግን የራሳችን ነው። እኛ ዘንድ አንድ ወግ አለ። አቅራቢ ሁሉ ናሙና ያመጣል። ናሙናው በላስቲክ ታስሮ በፕላስተር ይታሸጋል፣ ሦስታችንም ፕላስተሩ ላይ እንፈርማለን፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ዕቃው እስኪገባ ድረስም ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። በርክክቡ ቀን ይወጣና ከመጣው ዕቃ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ይህን ወግ ያመጣሁት እኔው ነኝ። አንድ ነጋዴ ለናሙና አንድ በአንድ የተለቀመ ምስር አሳይቶን፣ ኋላ ነቀዝ የበላው ጭኖ መጥቶብን ነበር። ለምስር፣ ለሽሮና ለሩዝ እስከዛሬም እንከን አላገኘሁበትም።

እማማም ናሙና ይዘው መጡ፤ ከጓሮው ትልቁን፣ ጤዛው እንኳ ያልደረቀውን ጥቅል ጎመን። አሰርነው፣ አሸግነው፣ ፈረምንበት። ከሦስታችን አንዳችንም በእጃችን ያለው ጎመን መሆኑን አላሰብንም። በቃ፣ ናሙና ነው፤ ናሙና ይቆለፋል። ግዢው እስኪጸድቅ ወር ከምናምን ፈጀ። በመሃሉ ቢሮው ይሸት ጀመር። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ አይጥ ሞቷል ብላ ወለሉን ሁለት ጊዜ አሳጥባለች።

የርክክቡ ዕለት እማማ በጠዋት ሁለት አህያ ጭነው ግቢ ገቡ። ጎመኑ ሲራገፍ ምግብ የሚያበስሉት እናቶች ቢላቸውን እንደያዙ ወጥተው እልል አሉ። ሰብሳቢው ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የወጣውን ነገር መግለጽ አልፈልግም፤ ጥቁር ውሃ ውስጥ የተኛ፣ ሦስት ፊርማ ያለበት ነገር ነው። አፍንጫችንን ይዘን ሳቅን። ሰብሳቢውም ሳቀ፤ ከዚያ የርክክብ ቅጹን አየና ሳቁን ዋጠ። ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የመጣው ዕቃ ከናሙናው ጋር ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም?

“አይመሳሰልም” አለ።

“እንዴ! የመጣው ይሻላላ!”

“ታዲያ ይመሳሰላል ብዬ ልፈርም? ኦዲተር መጥቶ ናሙናውን ሲያይ፣ የበሰበሰ ተረከባችሁ አይለኝም? አይመሳሰልም ካልኩ ደግሞ መረከብ አልችልም።”

“ይሄን ጥለን አዲስ ናሙና እንውሰዳ።”

“እ... አዲስ ናሙና ማለት አዲስ ግዢ ማለት ነው። ከሀ ብለን መጀመራችን ነው።”

ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም። የምንፈራው ኦዲተሩን፣ የምንመልሰው እኚህን ሴት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ይህን ጊዜ እማማ ቀረብ አሉና ናሙናውን አዩት፤ ከዚያ መሬት ላይ የተከመረውን የራሳቸውን ጎመን አዩ። ፌዝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁን።

“እንግዲያው እንደዚህ እስኪሆን ላቆየውና ላምጣው?”

ሰብሳቢው “አይመሳሰልም” የሚለው ላይ ፈርሞ ቅጹን ወደ እኔ አስጠጋው። እኔም ፈረምኩ። ለምን ፈረምክ የሚለኝ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ፈራሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ያናድደኛል፤ የሚያናድደኝም ከሰብሳቢው ይልቅ እኔው ነኝ። አህዮቹ እንደገና ተጭነው ከበሩ ወጡ። ልጆቹ ያን ቀን ፓስታ በባዶው በሉ።

ከዚያ ወዲያ ያልጨቀጨቅሁት አለቃ የለም። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ፣ ሰብሳቢው ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ እስኪቀይር ድረስ አሰለቸሁት። ሁለት ወር ቆይቶ፣ የሚበላሽ አትክልት ናሙናው በርክክቡ ዕለት ይታይ የሚል አንድ መስመር ተጨመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ወረቀቱን ይዤ እያለከለክሁ ዳገቱን ወጣሁ።

እማማ ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብለው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የተመለሰው ጎመን ጠውልጎ፣ ያልተቆረጠውም ፈነዳድቶ ለጎረቤት ላም እንደሆነ፣ የሽሮ ሜዳዎቹም ሌላ ሰው እንደያዙ ነገሩኝ። አላማረሩም። አጠገባቸው የጌሾ ችግኝ ተደርድሯል። ጌሾ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት አይነቀልም፤ ለልጆች ምሳም አይሆንም።

“እማማ፣ ደንቡ እኮ ተስተካከለ። እንደገና ቢተክሉልን...”

“መምህርዬ፣ እኔ ደንቡን መቼ አውቄው? ያመንኩት አንተን ነው።”

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እጃቸውን ሲዘረጉ ከችግኞቹ አንዱን አንስቼ አቀበልኳቸው፤ ከዚያም ሌላውን።