አጠገቤ ተቀምጣ መሰከረችብኝ

እባካችሁ ዛሬ እንኳን እመኑኝ! ባለፈው ራሴ ገጭቼ "ኔትወርክ ነው" ብዬ ዋሽቻለሁ፣ አልክድም። የዛሬው ግን በማርያም እውነቴን ነው።

ጌም ቤት መሪ ጨብጬ በኦንላይን የመኪና ውድድር ሊጋችን ስወዳደር አንዱ የዳንግላ ልጅ ከኋላ ገጭቶ ከመንገድ አስወጣኝ። አቤት አልኩ። እሱም "እሷ ናት የዘጋችብኝ" ብሎ አቤት አለ።

የኛ ሊግ እንደ አገራችን የፈረሰኞች ማኅበር ሽማግሌዎች ነው፣ አጠገብሽ የነበረ ምስክር ሳይሰማ አይፈረድም። የኔ ምስክር ጓደኛዬ እናኑ ናት፣ ወንበራችን ተነካክቶ ነው የተቀመጥነው።

ዳኛው ጋሽ ሙላት በስልክ ጠየቋት። "አዎ፣ ሆን ብላ ነው የዘጋችበት" አለች። እኔ እየሰማሁ!

"እናንዬ፣ ምን ነካሽ?" ብላት "ተይ እቴ፣ የጌም መኪና ነው" ብላ ሳቀች። ለካ ከልጁ ጋር መጻጻፍ ከጀመረች ሰንብታለች።

መኪናው የጌም ነው፣ እገዳው ግን የእውነት ነው። ጋሽ ሙላት ሌላ ምስክር እስኪመሽ ካላገኙ እስከ ሊጉ መጨረሻ መታገዴ ነው፣ ውሸታም እንደተባልኩም መቅረቴ ነው።

እናንተስ የገዛ ጓደኛችሁ መስክሮባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

እንጅባራ ጌም ቤቱ ውስጥ ከኋላዬ ቆማችሁ ያያችሁ ልጆች፣ ስደውል አላነሳችሁም። በናታችሁ፣ ሳይጨልም መልሳችሁ ደውሉልኝ።