የአዋላጇ መጋረጃ

በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ጸጉሯ ጆሮዋን ሸፍኗል፤ ጩኸቷ ደግሞ መንገድ ማዶ ድረስ ተሰምቷል አሉ። በሉ እንግዲህ፣ «ምሥር ብዪ» በሉኝ።

ማን ናት የተገላገለችው? የዳቦ ጋጋሪው ሚስት። አታውቋትም፤ እኔም አላውቃትም። ግን ከጠዋት ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካ ብሏል፤ ልጂቱን የተቀበለቻት ታናሽ እህቴ ናትና። እህቴ ከዚህ ቀደም የተቀበለቻቸው ሕፃናት ቁጥር ስፍር የላቸውም። እንደ ዛሬዋ ያስለቀሰችኝ ግን የለችም። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እህቴን ቤት ውስጥ «ጭምቷ» እንላታለን። ልጅ ሆና እንግዳ ሲመጣ የምትገኘው ከበር ኋላ ነበር። አዋላጅ እሆናለሁ ስትል እናታችን፣ «የሰው ፊት ቀና ብላ የማታይ ልጅ እንዴት አድርጋ ነው ሰው የምታዋልደው?» አለች። ሆነች። ምጥ ላይ ያለች ሴት ፊት ስትቆም ዓይን አፋርነቷ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ነገር ግን ትልቅ ሆስፒታል ሰውን እንደ አገዳ መጦ ይተፋል። አለቆቿ በሆነ ባልሆነው ይጮኹባታል፣ እሷ መልስ አትሰጥም፣ በመጨረሻ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚህ መሃል የአንዲት ትንሽ ከተማ አዋላጅ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ሄዳ፣ እስክትመለስ የሚተካት ሰው ተፈለገ።

«እትዬ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለችኝ። «እዚያም ካልሆነልኝ ግን ጋዋኔን ሰቅዬ ሱቅ እከፍታለሁ።»

«ሱቅ ከፍተሽ ገዢ ሲመጣ ባንኮኒ ሥር ልትደበቂ ነው?»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሳቋን አልሰማሁም።

በማታውቁት ትንሽ ከተማ ለጊዜው ልትሠሩ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፤ ከእናንተ በፊት ወሬያችሁ ይደርሳል። ጭምቷ ሻንጣዋን ከአውቶቡስ ሳታወርድ ማን ቤት እንደምታድር ሁሉም ያውቅ ነበር። ማዋለጃው ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከፊቱ ሰፊ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ትይዩ ደግሞ ጡረተኞች ተሰይመው የሚውሉበት አግዳሚ ወንበር አለ። ቀና ስትል ያዩዋታል፣ ጎንበስ ስትል ያዩዋታል፣ ሻይ ስታፈላ ኮፍያቸውን ያነሱላታል። አንድ ቀን ቻለችው። በማግስቱ ከቤት ይዛው የሄደችውን ወፍራም አንሶላ ለሁለት ከፍላ መጋረጃ ሰፋችና መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ጋረደችው። እፎይ አለች።

ከዚያ ሰው ጠፋ።

መጀመሪያ «ገና አልለመዱኝም» አለች። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት ተደረበ፤ ደጇን የረገጠች አንዲት ነፍሰ ጡር የለችም። መቀሱን ትቀቅላለች፤ ያልተነካውን መቀስ በማግስቱ ደግማ ትቀቅላለች። ማንም ያልተኛበትን አልጋ አንሶላ ታጥባለች። ይህ ሳያንስ፣ መንገድ ላይ የሚያገኟት ሴቶች «አይዞሽ፣ ደከመሽ አይደል?» ይሏታል። አከራይዋ ደግሞ ደጅ ላይ ጠብቃ፣ «ኧረ ልጄ፣ ለነፍስሽም እዘኚላት። ሰው እንዲህ ፋታ ያጣል?» ትላታለች።

«ያሾፉብኛል፣ እትዬ» አለችኝ በስልክ። «እጄን አጣጥፌ እንደምውል እያወቁ ‹በርቺ› ይሉኛል።»

«ምን አድርገሻቸው?»

«ምንም። እሱ ነው የገደለኝ፤ ምንም አላደረግሁም።»

ላያት ሄድኩ። ልብሷ መስቀያ ላይ እንዳለ ሁሉ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። የማዋለጃው ክፍል ንጽሕናው ያስፈራል። በቀን መብራት አብርታ፣ መጋረጃዋን ዘግታ፣ በሩን እያየች ትቀመጣለች።

«ትንሽ ብርሃን ቢገባስ?» ብላት፣ «ከብርሃኑ ጋር ዓይናቸውም ይገባል» አለችኝ።

የወሰድኩላትን ምሳ በማንኪያ ስታገላብጠው ዋለች። ስመለስ አከራይዋ መንገድ ላይ ያዘችኝና፣ «እህትሽ ወርቅ ናት። እነዚህ የገጠር ሴቶች ግን ጨርሰው ሊገድሏት ነው» አለችኝ። የምን ገጠር? አሮጊቷ ጃጅታለች ብዬ አለፍኳት።

ከዚያ የባሰው መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭምቷ የኋላው ክፍል ሆና ደጅ ላይ መኪና ሲቆም ሰማች። ልቧ ዘለለ። ጋዋኗን ቆልፋ እስክትወጣ መኪናው ሄዷል። ወሬው በማግስቱ ደረሳት። የከተማዋ ልብስ ሰፊ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ በሩ ድረስ መጥታ ሳታንኳኳ ተመልሳለች። ወደ ትልቁ ከተማ ሲወስዷት መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ ወልዳለች። ልጁ ደህና ነው። እናቲቱ ግን ብዙ ደም ፈሷት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ትትረፍ አትትረፍ አልታወቀም።

«እኔን ከማየት መንገድ ላይ መውለድን መረጠች» አለችኝ ጭምቷ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ በወደድኩ። ድምፅዋ ውሃ እንደተቋረጠበት ቧንቧ ባዶ ነበር። «ሱቁ ውስጥ አንቺ ትሸጫለሽ፤ እኔ ከጓዳ እሆናለሁ።» ልስቅ አልኩና ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

የልብስ ሰፊዋ መትረፍ እንኳ አላጽናናትም። ባለቦታዋን ሳትጠብቅ ልትሄድ ቆርጣ ሻንጣዋን አሰረች። የቀረው መጋረጃው ብቻ ነበር፤ አንሶላው የእናታችን ነውና ጥላው አትመጣም። ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። ፀሐይ ክፍሉን ሞላው። አግዳሚው ላይ ያሉት ጡረተኞች ቀና ቀና አሉ፤ አንዱም ከዘራውን አንስቶ እየተቻኮለ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደ። አንሶላውን አጥፋ ሳትጨርስ፣ ብዙም ሳይቆይ፣ በሩ ተንኳኳ።

ልብስ ሰፊዋ ናት። ከሆስፒታል መውጣቷ ነው፤ ፊቷ እንደ ሰም ገርጥቷል። ልጇን አቅፋ መቃኑን ተደግፋለች።

«ዛሬ እንኳ ፋታ አገኘሽ፣ እህት ዓለም» አለቻት። «ያን ዕለት በርሽ ላይ ማቃሰቴ ሲከነክነኝ ከረመ። ውስጥ ያለችውን ሴት አስደነገጥኳት ይሆን ብዬ። ለመሆኑ በሰላም ተገላገለች?»

«የቷ ሴት?»

«መጋረጃው ተጋርዶ ነበራ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። የፊተኛዋ አዋላጅ መስኮቱን የምትጋርደው ምጥ የያዛት ሴት ውስጥ ስትኖር ብቻ ነው። ከተጋረደ ማንም አያንኳኳም፤ ነውር ነው። ጡረተኞቹም መስኮቱን እያዩ ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው ወሬ ያቀብላሉ እንጂ እህቴን አልነበረም የሚያዩት። የከተማዎቹ «የገጠሮቹ ናቸው ያጨናነቋት» ሲሉ፣ የገጠሮቹ «የከተማዎቹ ናቸው» ሲሉ፣ ሁሉም ለዚያች ዕረፍት ላጣች አዋላጅ እያዘነ ከርሟል።

«ማን ነገረኝ?» አለች ጭምቷ።

«ይሄ ደግሞ ይነገራል?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከልቧ ገርሟት።

አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር እህቴ ብቻ አላወቀችም።

ቀለል አላት ብላችሁ እንዳታስቡ። «ጠልተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለችኝ ስትደውል። «ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ እኮ፣ እትዬ። እጄን ታጥቤ፣ መቀሱን ቀቅዬ። ያቺ ሴት ደሟን መንገድ ላይ ያፈሰሰችው እኔ በሰፋሁት ጨርቅ ምክንያት ነው።»

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት። ውስጥ ማንም አልነበረም አልኳት። ከዚያ ልጁን አስታቀፈችኝና ‹እንግዲያው እምብርቱን እይልኝ፤ ቀላ ብሎብኛል› አለችኝ።»

አውቶቡሱ ያለ እሷ ሄደ።

ስልኩ የጮኸው ዛሬ ጠዋት ነው። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጎህ ሲቀድ ምጥ ይዟት መጣች፤ ጭምቷም ያንን መጋረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐቅ ጋረደችው። ስትከፍተው ጡረተኞቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር።

«እጅሽስ?» አልኳት።

«ሕፃኗ እስክትወጣ ዝም አለ። ከወጣች በኋላ ተንቀጠቀጠ።»

«ሱቁስ?»

«ልብስ ሰፊዋን አሁንም ስትቆም ያዞራታል» አለች። «በየቀኑ እየሄድኩ አያታለሁ። ይህን ተሸክሜ ባንኮኒ ኋላ ብቆም ምን ይረባል? ባለቦታዋ ስትመለስ ወደ ሆስፒታሌ ነው የምሄደው። ይጩኹብኝ።»

ይኸው ነው። ግማሹ ለቅሶ ቢሆንም ለእኔ የምሥራች ነው። አሁን ልነሳ፤ እናታችን ገና አልሰማችም። ያ ወፍራም አንሶላዋ ጠፋብኝ ብላ ቁም ሳጥኑን ስታተራምስ ከርማለች፤ የት እንደዋለ ከየትኛው ጫፍ ጀምሬ እንደምነግራት መንገድ ላይ አስብበታለሁ።